ቦርድ ውስጥ ገባሁ፤ ያሠለጠነኝ ግን የለም። እናንተ ጋ ሥልጠናው እንዴት ነው?

አዲሷ ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከአራት ወር በፊት በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሰው ወደ እኔ ጠቆመ። "ወጣት ናት፣ ኮምፒዩተርም ታውቃለች፣ ጸሐፊ ትሁን" አለ። ተጨበጨበ፤ አለቀ። እኔም ደስ ብሎኛል። ልጅ ሆኜ እዚህ አገር ስንመጣ ለእናቴ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘላት ይኸው ማኅበር ነው። ውለታ ልመልስ ብዬ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዣችን ስልካቸውን አወጡና "41 ሺህ ዶላር ገደማ አለን" አሉ። ሁሉም "እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ። ወደ ቡናው ሄድን። ከየት መጣ፣ በምን ወጣ፣ ለአንድ ዓላማ ብቻ የታሰረ ገንዘብ አለው ወይ የሚል ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ጋሼ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። ይሉኝታ ያዘኝ።

በሳምንቱ ጽሕፈት ቤቱን ሳጸዳ ካርቶን ውስጥ ከአይ አር ኤስ (ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የመጣ ያልተከፈተ ፖስታ አገኘሁ። ሊቀመንበሩን ስጠይቃቸው "እነሱ ሁልጊዜ ይልካሉ" አሉኝ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ሰጡኝ። ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ገጽ 7 አይነበብም።

አሁን ቦርዱ "እሺ፣ ሥልጠና እናድርግ" ብሏል። ያለን ግማሽ ቀን ቅዳሜና 600 ዶላር ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነን። ምን እናስተምር? ከየት እንጀምር?

ሒሳብ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ከሥልጠናው በፊት ፖስታውን ክፈቺው። ዛሬ ማታ።

ለምን እንዲህ እንደምቸኩል ላስረዳ። 501(ሲ)(3) የሆነ፣ ማለትም ለበጎ ዓላማ የተቋቋመና ከታክስ ነጻ የሆነ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ከመሳሰሉት በስተቀር፣ በየዓመቱ ለአይ አር ኤስ ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ወይም አጭሩን ማስገባት አለበት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባ ከታክስ ነጻ የመሆን መብቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ችሎት የለው፣ ማስረዳት የለው። ሕጉ የወጣው በ2006 ነው። በ2011 የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ 275 ሺህ ገደማ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ተሰርዘዋል። አብዛኞቹ እንደ እናንተ ያሉ ትንንሾች ናቸው። ሌባ ስለነበረባቸው ሳይሆን ፖስታ የሚከፍት ሰው ስላልነበራቸው ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ለትንሽ ድርጅት ሥራው የአሥር ደቂቃ መሆኑ ነው። ዓመታዊ ገቢያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ 990-ኤን የሚባለውን በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። የድርጅቱን ስም፣ አድራሻ፣ የአንድ ኃላፊ ስም፣ ገቢው ከ50 ሺህ አለመብለጡን ይጠይቃል፤ ብዙም የለውም። የበጀት ዓመታችሁ በዲሴምበር የሚያልቅ ከሆነ ቀነ ገደቡ ሜይ 15 ነው። ሜሪላንድ ደግሞ የራሱ ዓመታዊ ሪፖርት አለው፣ ኤፕሪል 15 ድረስ። ለእናንተ ዓይነቱ ክፍያ የለውም፤ ካላስገባችሁ ግን የድርጅትነት ሕልውናችሁን ያሳጣችኋል።

ከተሰረዛችሁ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። አጭሩ ማመልከቻ 275 ዶላር፣ ረጅሙ 600 ዶላር። የሥልጠና በጀታችሁ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ንግግር አይሁን። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ዘጠኛችሁም በየተራ አንድ አንድ ወረቀት እያነሳችሁ "ይህ ምንድን ነው፣ መልስ ይፈልጋል ወይ፣ መቼ?" በሉ። እስከዛሬ ካየኋቸው የቦርድ ሥልጠናዎች ሁሉ ይሄ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ከሃያ ሁለት (አዲስ አበባ)

እኛም ጋ ነገሩ ሌላ መልክ ይያዝ እንጂ በሽታው አንድ ነው።

ሕጻናትን በሚረዳ አገር በቀል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቦርዳችን ውስጥ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ሐኪም፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ነጋዴ፣ መምህርት። ችግሩ ስማቸውን ነበር ያበደሩን፣ ጊዜያቸውን አይደለም። ሰነዱ የሚደርሳቸው ስብሰባው ሲጀመር ነው። 40 ገጽ። ሥራ አስኪያጁ ያስረዳል፣ እነሱ ይፈርማሉ፣ ምሳ ይበላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅት በተለያየ መልክ ይመዘገባል። ማኅበር ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ቦርዱ ቢሳሳት ጉባኤው ያርመዋል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆነ ግን የመጨረሻው አካል ቦርዱ ራሱ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ድርጅቶቹን የሚመዘግበው ባለስልጣን መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰነድ ሳያነቡ መፈረም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የአስተዳደር ወጪን ጉዳይም ውሰዱ። በድሮው አዋጅ 621/2001 ጊዜ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሰባ ሠላሳ ነበር፤ ሰባ በመቶ ለፕሮግራም፣ ሠላሳ በመቶ ለአስተዳደር። አሁን የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግን የትኛው ወጪ አስተዳደር እንደሆነ፣ የትኛው የፕሮግራም እንደሆነ፣ ስንት የቦርድ አባል ለይቶ ይነግራችኋል? ቁጥሩን የሚሰሙት ከሥራ አስኪያጁ አፍ ብቻ ነው። ጥሰቱ ሲገኝ ግን ደብዳቤው የሚመጣው በድርጅቱ ስም ነው።

አንድ ጥሩ ሥልጠና ግን ገጥሞኛል። አሠልጣኙ ስላይድ አልነበረውም። ከፋይል ውስጥ አንድ ክፍያ መርጦ አወጣ። የ300 ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ግዢ ነው። "ይህን ክፍያ ከጥያቄው እስከ ደረሰኙ እንከተለው" አለ። የግዢ ጥያቄ፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የማጽደቂያ ፊርማ፣ ዕቃው የገባበት ሰነድ፣ ቼኩ፣ ደረሰኙ። እያንዳንዷን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍናት።

መምህርቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስቱን ፕሮፎርማ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። "እነዚህ የተጻፉት በአንድ እጅ ነው" አሉ። ሦስት የተለያየ ማኅተም፣ ሦስት የተለያየ የሱቅ ስም። የ"ሺ"ዋ አጻጻፍ ግን አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት የልጆች ደብተር ያረሙ ሴትዮ ናቸው፣ ማን ያታልላቸዋል? ወረቀቱ በፊት አምስት ሰው ጋ አልፏል። እኔም አይቼዋለሁ። አላየሁትም ማለት ይቀላል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። የቦርድ አባል ሒሳብ ባለሙያ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ያካበተው ዓይን አለው። ሥልጠናው ያንን ዓይን ወረቀቱ ላይ እንዲያሳርፍ ማድረግ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ (ዲሲ አካባቢ)

ልጆቼ፣ የምትሉትን አነበብኩ። ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም።

እኔ ታክሲ እየነዳሁ ነው ማኅበር ያቋቋምኩት። ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቼ ጠዋት ስብሰባ እገባ ነበር። ሰው ሲሞትብን ሬሳ ወደ አገር ቤት የምንልከው በየቤቱ ዞረን ነው። ፎርም የለ፣ ፖሊሲ የለ። የነበረን መተማመን ብቻ ነው። በሠላሳ ዓመት አንድ ሳንቲም አልጠፋም።

አሁን "ሥልጠና" ሲባል ጆሮዬ የሚሰማው "አላመንናችሁም" የሚል ነው። ደረሰኝ፣ ፊርማ፣ ጥያቄ። ወጣቶቹ መምጣታቸው ደስ ይለኛል። ግን ያቆየንን መከባበር እንዳታፈርሱት እፈራለሁ። ነጻ የሚያገለግልን ሰው እንደ ተከሳሽ ብትጠይቁት ነገ ማን ይመጣል?

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ (ዴንቨር)

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎ። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ እንባዬ መጣ። የደከማችሁበትን የሚክድ የለም። ግን የእኔን ታሪክ ይስሙኝና ይፍረዱ።

ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ወንድማችን በድንገት አረፈ። ትንንሽ ልጆች ነበሩት። የዚያኑ ቀን ማታ "ገንዘብ ይሰብሰብ" ተባለ። የማኅበሩ ሒሳብ ዜሌ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) አልነበረውም፤ "ባንቺ ይግባ" አሉኝ። የእኔ ስልክ ቁጥር በዋትስአፕ ተለቀቀ። በአራት ቀን 6,240 ዶላር ገባ። ከባንክ አውጥቼ፣ በፖስታ አድርጌ፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ ለባለቤቱ እጅ በእጅ ሰጠሁ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው። "ፈርሚልኝ" እንዴት ይባላል? አላልኩም። አብረውኝ የሄዱት ሁለት ሰዎች ውጭ ቆመው ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ወሬ ተነሣ። "ዘጠኝ ሺህ ነው የተሰበሰበው" ተባለ። ፊቴ ላይ የተናገረ ሰው የለም። ሰላምታው ቀዘቀዘ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሚያወሩት ዝም ይላሉ። ሦስት ሌሊት የባንክ ስቴትመንቴን አትሜ በማርከር እየቀለምኩ አደርኩ። የገባው ሁሉ እዚያ አለ፤ ግን ከራሴ የደሞዝና የቤት ኪራይ ገንዘብ ጋር ተደባልቋል። የወጣውን ደግሞ ለማን እንደሰጠሁ የሚያሳይ ነገር የለኝም። ባለቤትየዋ ወደ ሌላ ስቴት ሄዳለች። ደውዬ በዚህ ጉዳይ ማስጨነቅ አልቻልኩም።

ማኅበሩን ተውኩ። ቤተ ክርስቲያንም ቀየርኩ።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "እህቴ፣ ገንዘቡ ለምን በግል ሒሳብሽ ይገባል? ሁለት ሰው አብሮሽ ይሂድና ይፈርም" ቢለኝ ኖሮ ትቀየመኝ ይሆን ብሎ ማሰብ አልነበረበትም። ያድነኝ ነበር። ያልጠየቁኝ ስላከበሩኝ ነው። አክብሮቱ ግን ስሜን አላተረፈልኝም።

አዲሷ ጸሐፊ፣ ሥልጠናችሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብታስተምሩ ይህን አስተምሩ። ደረሰኙና ሁለተኛው ፊርማ የሚጠብቀው በመጀመሪያ ገንዘብ ያዡን ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ (ዲሲ አካባቢ)

ልጄ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እግዚአብሔር ይካስሽ።

እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄው ይጠየቅ። አጠያየቁን ግን አስተምሩ። ሰው በተሰበሰበበት ድንገት "ደረሰኙ የታለ?" የተባለ ሽማግሌ ልቡ ይሰበራል። ሁልጊዜ፣ ለሁሉም፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ማንንም አያሳፍርም። እድር ላይ ዳኛው ስም ሲጠራ ሀብታሙም ድሃውም "አለሁ" ይላል። ማን ይቀየማል?

ትረስቲ ነኝ (ለንደን)

ጋሼ የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቦርድ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የስብሰባው አጀንዳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ተራ ቁጥር "የባንክ ስቴትመንት" ይላል። ገንዘብ ያዡ ያመጣል፤ ያላመጣው ሌላ ሰው ከሪፖርቱ ጋር ያመሳክራል፣ ፈርሞ ቀን ይጽፍበታል። ማንም "ጠያቂ" አይባልም። አጀንዳው ነው የሚጠይቀው።

እዚህ እንግሊዝ አገር የቦርድ ሥልጠና ሲነሣ ስሙ የማይቀር ድርጅት አለ፤ ኪድስ ካምፓኒ። ለችግረኛ ልጆች የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ነበር። መሥራቿ በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀች፣ ከመንግሥትም በተደጋጋሚ ገንዘብ ያገኘች ነበረች። በ2015 ጁላይ መጨረሻ ላይ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ከመንግሥት ተሰጠው። በቀናት ውስጥ፣ ኦገስት 5፣ ተዘጋ። የመጣ ልጅ ሁሉ ይረዳ ነበር፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። የፓርላማ ኮሚቴ ቦርዱን ክፉኛ ተቸ። በኋላ መንግሥት የቦርድ አባላቱን ከዳይሬክተርነት ለማገድ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2021 ዳኛዋ ክሱን ውድቅ አደረጉ፤ አባላቱ በቅንነት የሠሩ ናቸው ብለው።

እኔ ሥልጠና ላይ ሁለቱንም ጎን ነው የማነሣው። በቅንነት መሥራት ከፍርድ ቤት ሊያድን ይችላል። ልጆቹን ግን ከበር ላይ ከመመለስ አላዳነም። "ገቢያችን ዛሬ ቢቆም ስንት ወር እንቆያለን?" የሚለውን ጥያቄ ማንኛውም የቦርድ አባል መጠየቅ ይችላል። የሒሳብ ዕውቀት አይጠይቅም።

ሌላም ነገር። በማኅበሮቻችን ቦርዱ ራሱ ወጥ ይሠራል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሹፌር ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ተቀጣሪ የለማ። ተቀጣሪ ከመጣ በኋላ ግን ቦርዱ ከወጥ ቤት አልወጣ ይላል። ሥራ አስኪያጅ ቀጥራችሁ የቢሮውን ቀለም ቦርዱ የሚመርጥ ከሆነ ማንም ስለ ዓላማው እያሰበ አይደለም። ይህን ለማስረዳት አንድ ልምምድ አለን። ሃያ ውሳኔዎችን በትንንሽ ወረቀት እንጽፋለን። "በጀት ማጽደቅ"፣ "የጽዳት ሠራተኛ መቅጠር"፣ "ባንክ መቀየር"፣ "የሥራ አስኪያጁን ሥራ መገምገም"። ሰዎቹ "የቦርዱ" ወይም "የሥራ አስኪያጁ" ብለው ይለያሉ። ክርክሩ እየጋለ ይሄዳል፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

አዲሷ ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ፖስታውን ከፈትኩት። ያለፈው ዓመት 990-ኤን አልገባም ይላል። ሲጣራ የዚያ በፊቱም አልገባም። ዘንድሮ ካመለጠን ሦስተኛችን ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለኝ። ለዘመን መለወጫ በዓላችን ምግቡን የሚያቀርበው የአንድ የቦርድ አባላችን ሬስቶራንት ነው። በጣም ደግ ሰው ነው፣ ዋጋም ይቀንስልናል። ይህ ችግር ነው እንዴ?

ሒሳብ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ፖስታውን ስለከፈትሽ ደስ ብሎኛል። ለ990-ኤን ስለዘገየ ቅጣት የለውም፤ ያመለጠውን አሁን አስገቡ፣ የዘንድሮውን ከሜይ 15 በፊት።

ሬስቶራንቱ፦ በራሱ ችግር አይደለም። የጥቅም ግጭት መኖር ጥፋት አይደለም። መደበቁ ነው ጥፋቱ። ሰውየው "ይህ የእኔ ቤት ነው" ይበል፣ ከክፍሉ ይውጣ። የቀሩት ቢያንስ ከሌላ ሁለት ቤት ዋጋ ይጠይቁ። ይወስኑ። ማን እንደወጣ፣ ምን ዋጋ እንደተወዳደረ፣ ለምን እንደመረጡት በዚያው ጊዜ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ከወር በኋላ ከማስታወስ አይደለም፣ በዚያው ጊዜ። አይ አር ኤስ ነገ ቢመጣ ያ አንድ ገጽ ትልቅ ጋሻ ነው።

ሕጉ ጥርስ አለው። የውስጥ ሰው ከተገቢው ዋጋ በላይ ከወሰደ ትርፉን ይመልሳል፣ በዚያ ላይ የትርፉን 25 በመቶ ይቀጣል። ካልመለሰ 200 በመቶ ይሆናል። ዐውቀው ያጸደቁ የቦርድ አባላትም ቅጣት አለባቸው። እንዲሁም ተቀጣሪ ካላችሁና ከደሞዙ የተቆረጠው ታክስ ለመንግሥት ካልገባ፣ ኃላፊነቱ የነበረው ሰው በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። "ድርጅቱ ይከፍላል" ማለት አይሠራም።

ለእናንተ ባይሆንም ሌሎች ስለሚያነቡ ልጨምር። ለአባላቱ ብቻ የሚከፍል እድርና ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ 501(ሲ)(3) አንድ አይደሉም። አንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ የደባለቃችሁ ካላችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ነርሷ (ሲያትል)

እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለ፤ ቋንቋው።

እኛ ሥልጠና ወስደናል። በእንግሊዝኛ፣ ስልሳ ስላይድ። አሠልጣኟ ጥሩ ሰው ናት። "ፊዱሺያሪ" የሚለውን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ አለችው። አጠገቤ የነበሩት እናት አገር ቤት እያሉ የገበያ ሒሳብ በአእምሯቸው የሚይዙ ነጋዴ ነበሩ። ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ "ምን አለች?" አሉኝ። "አደራ ነው የምትለው፣ እትዬ" አልኳቸው። ቆም አሉ። "ታዲያ ይህን ለማለት ነው ሦስት ሰዓት?" አሉኝ።

አደራ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። የጎረቤት ልጅ አደራ፣ የሟች ኑዛዜ አደራ። "አደራ በላ" ከመባል የሚከፋ ስድብ የለንም። ሦስቱን ግዴታዎች በዚያ ቃል ማስረዳት ይቻላል። የጥንቃቄ ግዴታ፣ አደራውን ሳያዩ አለመፈረም። የታማኝነት ግዴታ፣ አደራውን ከራስ ኪስ ጋር አለማደባለቅ። ለዓላማ የመታመን ግዴታ፣ ለወላጅ አልባ ተብሎ የተሰጠውን ለአዳራሽ መጋረጃ አለማዋል።

በሁለተኛው ዓመት ሥልጠናውን በአማርኛ አደረግነው። እትዬ ከሁሉም በላይ ጠየቁ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የአዳራሹ ኪራይ ባለፈው ዓመት 800 ነበር፣ ዘንድሮ ለምን 1,150 ሆነ?" የሚል ነበር። መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፋ።

ከሃያ ሁለት (አዲስ አበባ)

እትዬን እኛ ቦርድ አምጡልን።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የአንድ ቀን ሥልጠና በሦስት ወር ይረሳል። እኛ ጋ ሥልጠናው ለጋሽ ሲጠይቅ ብቻ የሚደረግ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሪፖርት ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆኖ ነበር። የተለወጠው በየስብሰባው መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ለአንድ ነገር ስንመድብ ነው። አንድ ጊዜ የደንቡን ሁለት አንቀጽ። አንድ ጊዜ የኦዲተሩን ደብዳቤ። ሰነዱም ከሰባት ቀን በፊት ይላካል፤ ካልተላከ ያ አጀንዳ ይተላለፋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ደንብ መጀመሪያ ላይ ብዙ አጣላች። በሦስተኛው ስብሰባ ሰነድ መዘግየት አቆመ።

አዲሷ ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ አደረግነው።

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። አሥራ አራት ያልተከፈተ ፖስታ ነበር። ሁለቱ የኢንሹራንስ ናቸው፤ አንዱ ፖሊሲ ባለፈው ኦገስት ጊዜው አልፎበታል። የሕፃናት ቅዳሜ ትምህርት ቤት እያስተማርን፣ ያለ ኢንሹራንስ፣ ሰባት ወር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ይዘው ቆዩ። "ይህ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ መክፈት የነበረብኝ" አሉ። ማንም አልተናገራቸውም። ሰኞ ጠዋት ተደውሎ ታደሰ። እስከዚያው ትምህርቱ አንድ ቅዳሜ ተዘጋ።

ከዚያ የአንዱን ክፍያ ጉዞ ተከተልን፤ ያለፈው የበዓል ምግብ። የሬስቶራንቱ ባለቤት ራሱ "እንግዲህ እኔ ልውጣ" ብሎ ተነሣ። ውጭ ቆሞ ስልክ ሲያወራ በመስኮት እናየዋለን። የሌላ ሁለት ቤት ዋጋ ስናይ የእሱ በእርግጥም ይቀንሳል። ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍኩት። ተመልሶ ሲገባ አነበብኩለት። በጣም ደስ አለው። "ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ሦስት ዓመት ስጨነቅ ነበር" አለን። እኛ አናውቅም ነበር።

ጋሼ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ ሙሉውን ቀን ብዙ አልተናገሩም። እኔም ፈርቼ ነበር። የዴንቨሯን እህታችንን ታሪክ አትሜ ለሁሉም አድዬ ነበር፤ ስሟም ሆነ ከተማዋ የለበትም። ምሳ ሰዓት ላይ ሲያነቡት አየኋቸው። ከምሳ በኋላ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጥቁር ደብተር አወጡ። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በእጃቸው ጽፈውበታል። ቀን፣ መጠን፣ ለማን። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ለራሴ ነው የያዝኩት" አሉ።

እኔ አራት ወር ሙሉ እንዳላስቀይማቸው ፈርቼ ያልጠየቅኋቸው ሰው ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለተኛው አጀንዳ "የባንክ ስቴትመንት" ነበር። ጋሼ ራሳቸው አትመው መጡ። ዘጠኝ ቅጂ፣ በስቴፕለር ተይዞ። ሒሳቡ ላይ 38,912 ዶላር አለ፣ ከዚያ ውስጥ 11 ሺው ለትምህርት ቤቱ ብቻ የተሰጠ ነው። "41 ገደማ" አይደለም። የሬስቶራንቱ ባለቤት ከደብተሩ ጋር አመሳክሮ ፈረመበት።

ሁለቱም ያመለጡ ዓመታት ገብተዋል፤ የዘንድሮውም። የሜሪላንዱም ኤፕሪል 3 ገባ። የማረጋገጫ ወረቀቶቹን አንድ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ አድርጌ የካርቶኑ ቦታ ላይ አስቀምጫለሁ።

ነርሷ (ሲያትል)

እልል ብያለሁ። የጠየቃችሁበትን የጥያቄ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅተሽው ከሆነ እዚህ ለጥፊልን፣ እትዬ እየጠበቁ ነው።

አዲሷ ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አዘጋጅቻለሁ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ነው። ጋሼ ፊደሉን እያረሙልኝ ነው፤ እሑድ ማታ እለጥፋለሁ። የደንቡን ገጽ 7ም አግኝተነዋል፣ ዋናው ቅጂ እሳቸው ቤት ነበር።